መልስ፦ አረቄ ለመተው የሚያግዝ ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል?

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ አረቄ ለመተው ቆርጦ፣ አብሮት የሚታገል ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠይቀሻል። ፍለጋውን ከአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጀምሪ። የሱስ ሕክምና አለ። «ያገገሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ታውቃላችሁ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ፤ ካልተጠየቁ ላይነግሩሽ ይችላሉ።

አደራ ግን! ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ከኖረ ሐኪም ሳያየው በአንዴ እንዳያቆም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ከዚያም አልፎ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊያንፈራግጠው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው ይችላል። ይሄ ሕይወት ይቀጥፋል። እንዲህ ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባል፣ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት፣ በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተጀመረ ቡድን አለ፤ ስብሰባው በነፃ ነው። የአባት ስም አይጠየቅም። መናገር ከከበደው ጥግ ይዞ ማዳመጥ ይችላል፤ ለሚያፍር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ከቻለ በዙም የሚካሄዱም አሉ። ጸበል ከሄደም ደግ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጥ።

አንቺም ብቻሽን አትሸከሚው። ለጠጪ ቤተሰቦች አል-አኖን የሚባል ራሱን የቻለ ቡድን አለ፤ እሱም በኢንተርኔት ይሰበሰባል።