ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ስማቸውን ጠይቁ

የካቲት 26 ሲደርስ ስልኬ በባንዲራ ይጥለቀለቃል። የካራማራ ድል ቀን ነው፣ በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወራሪ ጦር የተሸነፈበት። "ክብር ለጀግኖቻችን" የሚል ጽሑፍ፣ የታንክ ፎቶ፣ ከኋላው ፉከራ። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። በማግስቱ ግን ያ ክብር የተባለለት ሰው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ዱላውን ተደግፎ ባጃጅ ሲጠብቅ፣ ሰላም ብሎት የሚያልፍ የለም። አቦ፣ ይህ ነገር ከነከነኝና ልጻፍላችሁ አልኩ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ማህደር ክፍል ውስጥ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ መሥሪያ ቤት፣ ፋይል ሳወጣ ፋይል ስመልስ። ልጁን "ማህደር ክፍል ያግባህ" ብሎ የሚመርቅ አባት አላየሁም። ግን ሰው ከወረቀት ላይ እንዴት በቀላሉ እንደሚጠፋ የተማርኩት እዚያ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ ሠራዊቱ ከተበተነ ወዲህ፣ የቀድሞ ወታደሮች ማስረጃ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። አንዱ እግሩን ትቶ የመጣ፣ ሌላው መድፍ ጆሮውን የደፈነው። "አገልግሎትዎን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ" ይባላሉ። የነበሩበት የጦር ክፍል ፈርሷል፣ አዛዡ ሞቷል፣ መታወቂያው በስደት ጠፍቷል። ጠባሳ ደግሞ ማህተም የለውም።

ስለዚህ ክብር ሲባል እኔ የሚታየኝ ሰልፍና ጭብጨባ አይደለም። ስም ነው። ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የነበረበት ክፍል፣ ዓመቱና ቦታው። ይህን የያዘ ወረቀት ካለ ሌላው ሁሉ ይከተላል፣ ከሌለ ግን የቆመው ሐውልት እንኳ ብዙ አይቆይም።

እናንተ የምትኖሩበት አገር ስንት ጦር እንደረገጠው ታውቃላችሁ? ወደ ጅጅጋ ስትሄዱ የምታልፉትን የካራማራን ተራራ ውሰዱት። ሰው የሚያነሳው 1970ን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከዚያው ሰንሰለት፣ ማርዳ ከሚባለው በር ላይ ያባረሩት በእንግሊዝ ጦር ስር የዘመቱ የናይጄሪያ ወታደሮች ነበሩ። ሐረር የገቡትም እነሱ ናቸው፣ በዚያው ወር። ከምዕራብ አፍሪካ ድረስ መጥተው እዚህ የሞቱ ልጆች ማለት ነው። አንድም ቀን ስማቸው በክፍል ውስጥ ሲነሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ኋላ ደግሞ ሂዱ። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦጋዴን ቆራሄ ላይ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ክፉኛ ቆስሎ ሳለ፣ ጦሩ እንዳይበተን ብሎ ቦታዬን አልለቅም አለ፣ ሕይወቱም በዚያው አለፈ። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደግሞ ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስቶ በእኛው ለገሃር አልፎ ነው ጅቡቲ ወርዶ መርከብ የተሳፈረው። ቃኘው ማለት የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፣ የሐረሩ ገዢ ፈረስ። የእነዚያ ልጆች መታሰቢያ ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማ ቆሟል። አዲስ አበባም አፍንጮ በር አካባቢ አላቸው።

1969ን እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አስታውሰዋለሁ። የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ሐምሌ ላይ ገባ፣ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ጫፍ ደረሰ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ወደቀች። ሐረር ለወራት ተከባ ቆየች። አንበሳው 3ኛ ክፍለ ጦር፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የመጣው ሚሊሻ፣ በኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ሰማዩን የያዙት አብራሪዎች፣ ከዚያም ከኩባ ሊረዱን የመጡት ወታደሮች፣ ሁሉም እዚህ ደም አፍስሰዋል። ከአብራሪዎቹ አንዱ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከና 11 ዓመት ሶማሊያ ታሰረ። 11 ዓመት! እናንተ ኔትወርክ ለ11 ደቂቃ ሲጠፋ የምትሉትን እኔ አውቃለሁ።

የኩባዎቹን ነገር ሳስብ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ትግላችን ሐውልት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጎን ያለው፣ አብዮቱ 10 ዓመት ሲሞላው የተመረቀው፣ ለእነሱም ለእኛም ልጆች ነው። ኩባ ግን በዚያ አልበቃትም። በ1982 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአንጎላም ከኢትዮጵያም የሞቱባትን ልጆች አጽም አስመጥታ በአንድ ቀን በየትውልድ ቀያቸው ቀበረች። ይህን ማድረግ የቻለችው እያንዳንዱ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀበረ ተጽፎ ስለነበረ ነው። እኛ ጋ መርዶ እንኳ በወጉ ያልደረሳቸው ቤቶች አሉ። እናት "ይመጣል" ብላ ሳለች የሞተችባቸው።

"ታዲያ እነዚህ የደርግ ወታደር አይደሉም እንዴ?" የሚል ልጅ አይጠፋም። ተጠይቄም አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ አገር ሲወረር የዘመተ ገበሬ የማንንም ፓርቲ ደብተር ይዞ አልዘመተም። መንግሥት ሲለወጥ የሐውልቱ ዘበኛ ይነሳል፣ ከዚያ ሣሩ ይበቅላል፣ ከዚያ ፍየል ይገባል። አንድ መታሰቢያ አውቃለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ የነሐሱ ጽሑፍ ተነቅሎ ተወስዷል፣ አጥሩ የልብስ ማስጫ ሆኗል፣ ደረጃው ላይ የጫት ገረባ ተከምሯል። ልብስ ያሰጡትን ሴትዮ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው "የማን እንደሆነ ማን ያውቃል ልጄ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስም የሌለው ድንጋይ የማንም አይደለም። ጉለሌ ያለውን የኮመንዌልዝ ጦር መቃብር ሄዳችሁ ብታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። ለእያንዳንዱ ሟች የራሱ ድንጋይ፣ የራሱ ስም፣ ሣሩም የታጨደ።

ሐረር ላይ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፣ ሳልነካው ባልፍ ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። ፈረስ መጋላ ላይ በጥር 1879 ዓ.ም. ምኒልክ የሐረሩን አሚር ባሸነፉበት በጨለንቆ ጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ቆሟል። በዚያው ከተማ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት ነበር፣ እሱ በ2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ፈረሰ። የአንዱ ሐዘን ለሌላው ድል ሆኖ በአንድ ከተማ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን እኔ አልፈታውም፣ እናንተም በኮሜንት ስድብ አትፈቱትም። የምለው፣ የሁለቱንም ወገን ሟች ስም መፈለግ ይቻላል። ሰው የሁለቱንም ስም ካነበበ በኋላ መዶሻ ለማንሳት ትንሽ ያመነታል ብዬ አስባለሁ፣ ምናልባት የዋህ ሆኜ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሰፈራችሁ አንድ ሽማግሌ ምረጡ፣ አንድ ብቻ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ። በማዕረጉ ጥሩት። "አባባ" ጥሩ ነው፣ "ሃምሳ አለቃ" ሲባል ግን ወገቡ ቀና ይላል፣ ሞክሩት። "ስንት ሰው ገደልክ" ብሎ የሚጀምር ልጅ እዚያው ይመለስ። የት ሰለጠኑ፣ ጓደኛዎ ማን ነበር፣ ኮቾሮ እንዴት ነበር የምትበሉት፣ ብላችሁ ግቡ። ሌላው ራሱ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። ዝም ካለ ዝም በሉ። በበርጫ ላይ የሚወራ ጨዋታ ይጣፍጣል፣ አውቃለሁ፣ የድሬ ሰው ነኝ፣ ግን ምርቃና ላይ የተነገረውን ቀንና ቁጥር በማግስቱ ጠዋት እንደገና ጠይቁ። ሻለቃዎችም ታንኮችም ከሰዓት በኋላ ይበዛሉ።

ሴቶቹን አትዝለሉ። ሚስትየው ከጎን ሆና "አይ፣ ያኔ ሐረር አልነበርክም፣ ሆስፒታል ነበርክ" ስትል ከእሱ ይልቅ እሷን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ቀኑን የያዙት እነሱ ናቸው፣ በልጅ መወለድ ስለሚቆጥሩ። ቁስለኛ ያስታመሙ፣ ለጦሩ እንጀራ የጋገሩም አሉ፣ እነሱን ማን ጠየቀ?

ወረቀት ካላቸው እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉባቸው። ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱን ይገድለዋል፣ መመለሻም የለውም። በፌስታል ጠቅልላችሁ በድሬ ሙቀት ሳጥን ውስጥ አትተዉት፣ ፎቶው ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። የወረቀት ፖስታ ይበቃል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ምስጥ ከማይደርስበት። ፎቶ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን፣ ቀስ ብላችሁ፣ ቢክ ወደ ፊት ያልፋል። በስልክ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉና መስኮት አጠገብ አንሱት፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ማህተሙ ጀርባ ላይ ያለ ስንት አለ። ሳታስፈቅዱ ደግሞ አትለጥፉ። የሰው መታወቂያ ቲክቶክ ላይ የሚወጣ ነገር አይደለም።

በዚያውም እግረ መንገዳችሁን ጉዳዩን ጠይቁት። ጡረታው በወቅቱ ይገባል? ፋይዳ አውጥቷል? አሻራው አልነሳ ብሎት ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ብዙ ነው፣ አብሮት የሚሰለፍ ወጣት ቢኖር ግማሹ ችግር ያልቃል። ይህ ፎቶ አያስነሳም፣ ላይክም የለውም።

የጻፋችሁትን ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ለራሱ ቤተሰብ፣ አንዱ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ እናንተ ጋ። የፋይሉ ስም "አዲስ 2 የመጨረሻ" አይሁን፣ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ቀጥሎ ዓመቱን ጻፉ። አደራደሩ ካስቸገራችሁ እኔ አለሁ፣ በጡረታ ላይ ያለ የማህደር ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው። ጠዋት ጠዋት ኑ። ከሰባት ሰዓት በኋላ አትምጡ፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ እተኛለሁ።