«ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ አዋቂ ክፍል ነው የምትታይው»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰባት ልቧን ጎዳው። በ12 ዓመቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የብረት ቫልቭ ገባላት። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች፣ በየወሩም የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ሰሞኑን ለክትትል ስንሄድ ከሚቀጥለው ጀምሮ አዋቂ ክፍል እንደምትታይ ነገሩን። የለመደችው ሐኪም ቀረ ማለት ነው። እሷም እኔም ግራ ገብቶናል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ቢደነግጡ አይገርመኝም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሐኪም በስሟ እየጠራ ሲያያት ቆይቷል። የእንግሊዝ የ2016 መመሪያ እንዲህ ላሉ ልጆች ዝግጅቱ ቢዘገይ ቢዘገይ በ13 ወይም በ14 ዓመታቸው ይጀመር ይላል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚሰማው በመጨረሻው ቀጠሮ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ከሁሉ በፊት በመሃል ክፍተት እንዳይፈጠር። የብረት ቫልቭ ያለበት ሰው ዋርፋሪን ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢያቋርጥ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊያግደው ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የአዋቂ ክፍሉ ቀጠሮ ቀኑ ተጽፎ እጅዎ ሳይገባ የሕፃናት ክፍሉን እንዳይሰናበቱ። እስከዚያ ድረስ የደሟ መቅጠን የሚለካበት የአይ ኤን አር ምርመራ የት እንደሚሠራ፣ ውጤቱን አይቶ የኪኒኑን መጠን የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ኪኒኑም እስከዚያ ቀን የሚያደርስ ይሁን።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። «የልብ ሕመምተኛ ናት» ብቻ የሚል ሪፈር ይዘው እንዳይሄዱ። እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቴ እንደደረሰኝ አልነግርዎትም። የተቀየረው የትኛው ቫልቭ ነው? ዓይነቱና ቁጥሩስ? ቀዶ ሕክምናው መቼና የት ተደረገ? የመጨረሻው የልብ አልትራሳውንድ ምን አሳየ? አይ ኤን አሯ ስንት እንዲሆን ነው የሚፈለገው? በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ላለው ለሚትራል ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ የእሷ ግን በሐኪሟ እጅ ይጻፍ። የመጨረሻውን መርፌ የተወጋችበት ቀንም አይቅር። ቀዶ ሕክምናው ውጭ አገር ወይም ለዘመቻ በመጡ ሐኪሞች ተደርጎ ከሆነ የዚያን ጊዜውን ወረቀት ፈልገው ያግኙ። ከዚያ በሁለታችሁም ስልክ ፎቶ ይነሳ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ቅር እንዳይልዎት። አንድ የ20 ዓመት ወጣት፣ ጎበዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እኔ ጋ መጣ። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ስጠይቀው «እማዬ ታውቃለች» አለኝ። እማዬ ኮሪደር ላይ ነበሩ። ልጁ ዝርክርክ ሆኖ አይደለም። እስከዚያ ቀን እሱን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው። አዋቂ ክፍል ውስጥ ጥያቄው የሚቀርበው ለልጅዎ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን ራሷ ታውጣ፣ አላርም ራሷ ትሙላ፣ ቀጠሮውን ራሷ ትያዝ። እርስዎ ለጥቂት ወራት ከኋላ ሆነው የቀረውን ኪኒን እየቆጠሩ ይቆጣጠሩ። መርሳቷ አይቀርም። ስትረሳ አይቆጧት፤ ከተቆጧት መደበቅ ትጀምራለች፣ ያኔ ነው የሚያስፈራው።

ሕመሟን በራሷ አፍ ማስረዳት መቻል አለባት። ልታውቃቸው ከሚገቡት ነገሮች ጎመን አንዱ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። መከልከል አያስፈልግም፤ ችግሩ መዋዠቁ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ጎመን ስትበላ አይ ኤን አሯ ሊወርድ፣ ከፋሲካ በኋላ ስትተወው ደግሞ ሊወጣ ይችላል። የምትጾም ከሆነ ለሐኪሙ ትንገረው፣ ምርመራውም በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይሠራ። ራስ ምታት አመመኝ ብላ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታ እንዳትወስድ፣ ሊያደማት ይችላል። ለሆድ ሕመም በየቦታው የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞልም የዋርፋሪኑን ኃይል ከፍ ያደርገዋል። ጥርስ ከመነቀሏ በፊትም ዋርፋሪን እንደምትወስድ ትናገር።

ማታ ፀጥ ሲል የምትሰሙት የቫልቩ «ጠቅ ጠቅ» ድምፅ አለ አይደል? እሱ ከታፈነ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ አፏ ከተጣመመ ወይም ንግግሯ ከተያዘ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

መርፌው በቀዶ ሕክምናው አያበቃም። ቀዶ ሕክምናው የተጎዳውን ቫልቭ ቀየረ እንጂ ሕመሙ ተመልሶ እንዳይነሳ የሚከለክለው መርፌው ነው። ደም ማቅጠኛ ስለምትወስድ የተወጋችበት ቦታ ሊደማ ይችላል፤ ለሚወጋት ባለሙያ ሁልጊዜ ትናገር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርስዎ ፊት ላትጠይቀው የምትችለው። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። በራሷ ብታቋርጠው ደግሞ የራሷ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። የወር አበባዋም ሊበዛ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ደግሞ ደም የማርጋት ጠባይ ስላለው ለእሷ አይመከርም። ይህን ሁሉ ከሐኪሙ ጋር ለብቻዋ የምታወራበት አሥር ደቂቃ ይስጧት። እናቶች «ገና ልጅ ናት» ይሉኛል። ልጅ ሳለች ብታውቀው ይሻላል።

ዕድሜዋን ሳየው የ12ኛ ክፍል ፈተናም የቀረበ ይመስለኛል። ፈተናውን አልፋ ራቅ ወዳለ ክልል ብትመደብ እዚያ አይ ኤን አር የሚሠራ ላቦራቶሪ ላይኖር ይችላል። በጤና ምክንያት ልዩ ምደባ መጠየቅ ይቻላል፤ የሕክምና ማስረጃ ግን ይፈልጋል። ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠየቅ ትምህርት ቤቷን አሁኑኑ ጠይቃችሁ፣ ያን አምስት ዓመት የሚያውቃት ሐኪም ሳትሰናበቱት እንዲጽፍላት አድርጉ።