ፓቹን ገጥመህም ካልሰራ፣ የትኛው ኮምፓይለር እየሰራልህ እንደሆነ እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የዛሬ ሁለት ዓመት የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። «ኤቲሜጋ 328 ቺፕ ላይ የጻፍኩት ኮድ በኦ ዜሮ ይሰራል፣ በኦ ኤስ ሳደርገው ይቃወሳል። የኮምፓይለር ስህተት ነው፣ ፓች አለው አሉኝ። እንዴት ልግጠመው?» ነው ያልከው። (ኮምፓይለር የጻፍከውን ኮድ ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ኦ ዜሮ ብዙም ሳያሻሽል፣ ኦ ኤስ ደግሞ ኮዱን አሳንሶ እንዲቀይር ማዘዝ ነው። ፓች የኮምፓይለሩን ሶርስ የሚያርም ፋይል ነው።) ሊኑክስ ላይ እንደሆንክና ሶርስ ኮድ መገንባት እንደማይከብድህ ገምቼ ነው የምጽፈው።

1. መጀመሪያ ጥፋቱ ያንተ አለመሆኑን አረጋግጥ። አትቀየመኝ። ከኢንተረፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚሮጥ ኮድ) ጋር የምትጋራው ቫሪያብል ላይ ቮላታይል (ሁሌ ከሜሞሪ አንብበው የሚል ምልክት) ካልጻፍክ ልክ እንዲህ ነው የሚያደርግህ። ቮላታይል ብትጽፍም አንድ ወጥመድ አለ። ኤቪአር (የኤቲሜጋ ቺፖች ቤተሰብ) 8 ቢት ስለሆነ የሁለት ባይት ቁጥርን በየተራ ነው የሚያነበው። መሃል ላይ ኢንተረፕት ከገባ ግማሹ የድሮ፣ ግማሹ የአዲስ የሆነ ቁጥር ይደርስሃል። የኔ ግን ከዚህ አልነበረም። በኦብጅዳምፕ (የተገነባን ፋይል ፈትቶ የሚያሳይ መሣሪያ) አሴምብሊውን አውጥቼ መስመር በመስመር አየሁት። ኢንተረፕቱ አንድ ሬጅስተር (የቺፑ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ይጽፋል፣ ቀድሞ ግን ፑሽ አላደረገውም፤ የነበረበትን ቁጥር ሳያስቀምጥ ነው የሚደመስሰው። ያገኘሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

2. ፓቹን ከብራውዘር ላይ ኮፒ ፔስት አታድርግ። የጂሲሲ (የኮምፓይለሩ ስም ነው) ሶርስ ውስጥ ታብ ሞልቷል፤ ኮፒ ስታደርግ ስፔስ ይሆንና «ሃንክ ፌልድ» (ይህ ክፍል አልገጠመም) እያለ ያደርቅሃል። ፋይሉን እንዳለ አውርድ። ከዛ በድራይ ረን ሞክረው፤ ምንም ሳይነካ ይገጥም አይገጥም ይነግርሃል። ፓቹ ለየትኛው ቨርዥን እንደተጻፈ አይተህ ያንኑ ቨርዥን አውርድ። እኔ «ይቀራረባል» ብዬ ሌላ ላይ ገጠምኩትና ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ሬጅ የሚባል ፋይል ውስጥ ተጣለ።

3. የመገንባቱ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ባይኑቲልስ (አሴምብለሩና ሊንከሩ)፣ ቀጥሎ ጂሲሲ፣ መጨረሻ ኤቪአር ሊብሲ (የሲ ላይብረሪው)። ከሶርሱ ውጭ ሌላ ፎልደር ውስጥ ገንባ። ራምህ እንደኔ 4 ጊጋ ከሆነ ሜክን (ግንባታውን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) በጄ 2፣ ማለትም ሁለት ሥራ ባንዴ፣ ብቻ አስኪደው። እኔ በ8 ለቅቄው ራም አልቆ መሃል ላይ ተገደለ። ደግሞ የኛ ግቢ፣ እዚሁ ፒያሳ፣ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል፣ አትደንግጥ። ሲጻፍ የተቋረጠ ባዶ ፋይል ካለ ግን ፈልገህ አጥፋው።

4. አሁን ዋናው። ቁጥሩን እዚህ ጋ ልተወውና ልንገርህ።

ስታዲየም አካባቢ ላለ አንድ ሕንፃ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሰርቼ ነበር። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ይቆማል፣ ሲጎድል ይነሳል፣ በቃ። አንድ ሌሊት አልቆመም። ስንት ሰው በጀሪካን በሚሰለፍበት ከተማ ውሃው ከጣሪያ በደረጃ እየወረደ አደረ። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ጸሐፊዋና ጥበቃው ፊት «መጫወቻ ነው የሸጥክልን» አለኝ። ችግሩ ኮምፓይለሩ ጋ ነው ብል፣ «እሱ ደግሞ ማነው? ሠራተኛህ ነው? ይዘኸው ና!»

ይዤው ልምጣ ብዬ ሁለት ሌሊት ገነባሁ። አርዱይኖ አይዲኢ (ኮድ ጽፈህ ቺፕ ላይ የምትጭንበት ፕሮግራም) ከፍቼ አፕሎድ አደረግኩ። ያው ስህተት። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ መርካቶ ወርጄ ሁለት አዲስ ገዛሁ። ያው። ፓቹ የማይረባ ነው ብዬ ሌላ ፓች ፈልጌ እንደገና አንድ ሌሊት ገነባሁ። ያው!

ለካ አይዲኢው የኔን ኮምፓይለር ነክቶትም አያውቅ። አርዱይኖ የራሱን ጂሲሲ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የኔ ላይ 7.3.0 ነበር። አንተ ፓዝ (ሲስተሙ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ያስቀመጥከው ጉዳዩም አይደለም። ፕሪፈረንስ ገብተህ ኮምፓይል ሲያደርግ ዝርዝሩን እንዲያሳይ ምልክት ብታደርግ፣ ከየት እየጠራው እንደሆነ ወለል ብሎ ይታይሃል። እኔ ያንን ሳጥን ምልክት ያደረግኩት ቺፕ ከገዛሁ በኋላ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ናት። ፕላትፎርም ዶት ቲኤክስቲ ካለበት ፎልደር ፕላትፎርም ዶት ሎካል ዶት ቲኤክስቲ የሚል ፋይል ፍጠር። እዛ ውስጥ ኮምፓይለር ዶት ፓዝ ብለህ የገነባኸው ኮምፓይለር ያለበትን ቢን ፎልደር ጻፍ። መጨረሻዋ ላይ ስላሽ አትርሳ፤ የኮምፓይለሩ ስም እሷ ላይ በቀጥታ ስለሚቀጠል ያለ ስላሽ አያገኘውም።

ሌላም ልጨምርልህ፤ በዚህች እኮራለሁ። ጂሲሲን ከመገንባትህ በፊት ኮንፊገር ስታደርግ ዊዝ ፒኬጂ ቨርዥን የሚል አማራጭ አለ፣ የፈለግከውን ስም ትሰጠዋለህ። እኔ «ፒያሳ» አልኩት። ቨርዥኑን ስትጠይቀው ስሙን ይናገራል። ኮምፓይል ያደረግከው ኢኤልኤፍ ፋይል ውስጥም ኮመንት የሚባለው ሴክሽን ላይ ይቀመጣል፤ በኦብጅዳምፕ ታየዋለህ። ቺፑ ላይ የሚጫነው ሄክስ ፋይል ውስጥ ግን አትፈልገው፣ የለም።

«ፒያሳ» የሚለውን እዛ ውስጥ ሳይ ቺፑን ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው ራሱ ነው ጣሪያ ድረስ መሰላሉን የያዘልኝ። ከዛ ወዲህ ሮቶው አልፈሰሰም። ቀሪ ክፍያዬን በተመለከተ ሥራ አስኪያጁ እስካሁን «ነገ ና» እንዳለ ነው።