ከመግሪብ በፊት ወይስ በኋላ?

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ አንድ የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ከመውጫ ፈተናው ሰብዓዊ መብት ስንት ጥያቄ ይይዛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልተቆጣሁም። ብቻ አንድ የድሮ ተማሪዬ ትዝ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ዋለ።

ያኔ ከማስተማሩ ጎን ነጻ የሕግ ድጋፍ እንሰጥ ነበር። አንዲት ሶማሌ እናት መጡ፤ ልጃቸው በኮንትሮባንድ ተጠርጥሮ ተይዟል። ጎበዞቹ ተማሪዎች ከበዋቸው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ያወርዱት ጀመር፤ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል… ይህን ሁሉ በአማርኛ! እሳቸው አማርኛ አይሰሙም። ከኋላ የተቀመጠ፣ በውጤት ጭራ የነበረ ልጅ ወንበሩን ሳብ አድርጎ በሶማሊኛ «እናቴ፣ ሲወስዱት ከመግሪብ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?» አላቸው። ስንት ሰዓት ቢሏቸው ግራ ይገባቸዋል፤ መግሪብን፣ የጀንበር መጥለቂያውን ሶላት፣ ግን አይስቱትም። ከዚያች ሶላት ተነስቶ በጣቱ ቆጠረ። 48ቱ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሕጉ ለጉዞ የሚተወው ጊዜ አለ እንዳይባል፣ ከጣቢያው ፍርድ ቤቱ በባጃጅ አፍታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 177 ገልጦ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው ይለቀቅ የሚል፣ እዚያው ረቂቅ አደረገ፤ ፊደል እየገደፈ። አቤቱታው መዝገብ ቤት ሳይደርስ ወሬው ጣቢያ ደርሶ ኖሮ፣ ልጃቸውን በማግስቱ ችሎት አቀረቡት።

ያ ተማሪ አልተመረቀም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ የድሬዳዋ ችሎት በአማርኛ፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ብሶቱን የሚናገረው በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ። እሱ የወደቀው እንግሊዝኛው ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ተሟገትኩለት፤ «ውጤቱ ይናገራል» ተብሎ ተሰናበተ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እናንተ የዛሬ የሕግ ተማሪዎች፣ አዋጁ ሁሉ ስልካችሁ ውስጥ አለ። እኛ ለአንድ ነጋሪት ጋዜጣ በዚያ በአሮጌው ባቡር ሌሊቱን ስንንገጫገጭ አዲስ አበባ የወረድንበት ጊዜ አለ፤ አዋሽ ላይ የምንበላው እንቁላል እንኳ አይረሳኝም። ስልኩ ውስጥ መኖሩና መነበቡ ግን ለየቅል ነው።

ተግታችሁ አጥኑ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ውጤት ምን ያደርጋል ልላችሁም ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ያለ ዲግሪው ጠበቃ ሆናችሁ አትቆሙም። ስለዚህ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9(4)ን እና 13(2)ን በቃላችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የምዕራፍ ሦስት መብቶች ከዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች መርሆዎች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎሙ ይላል። አንድ ቀን «የውጭ ሕግ ምን አመጣው?» የሚል ይገጥማችኋል።

ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ የምትችሉ አትደብቁት፤ ካምፓስ ስትገቡ የምታፍሩበት ነገር አይገባኝም። የማትችሉም ከሰፈር ልጅ ተማሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይዞ ለመቆየት የሚጠይቀው ቀን፣ የሚታይበት ችሎት ገብታችሁ ኋላ ተቀመጡ። ፖሊስ ለተጨማሪ ቀን የሚያቀርበውን ምክንያት ስሙ፤ ተጠርጣሪው ይናገር ሲባል፣ የሚባለው ገብቶት እንደሆነ ፊቱን እዩ። ስልካችሁን አጥፉ፤ ዳኛው ያስወጧችኋል።