ሩም ልጠቀም ወይስ ኤስኪውላይቱን በእጄ ልጻፈው ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ጣና ዳር ከአስጋሪዎች አሳ ለሚረከቡ ልጆች ኔት ሳይኖርም የሚሰራ መመዝገቢያ አፕ በኮትሊን እየሰራህ ነው፣ ዳታቤዙን (ስልኩ ውስጥ ያለውን ኤስኪውላይት) ራሴ ልጻፈው ወይስ ሩም (ከኤስኪውላይት በላይ የሚቀመጠው የአንድሮይድ ላይብረሪ) ይሻለኛል፣ አኖቴሽን (ኮዱ ላይ በ@ የሚለጠፍ ምልክት) አፑን ያዘገየዋል የሚሉኝም አሉ ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ባህር ዳር ለሱቅና ለመጋዘን እንዲህ አይነት አፕ ስሰራ ስለከረምኩ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው፣ ቻለኝ።

ሩም ተጠቀም። ያዘገያል የሚባለውን እርሳው፣ አኖቴሽኖቹ የሚነበቡት ኮምፓይል ስታደርግ ነው፣ ስልኩ ላይ አይደለም። አንተ ክላሱ ላይ @ኢንቲቲ (ይሄ ቴብል ነው ለማለት) ትለጥፋለህ፣ ዳኦ (ኳሪዎቹ የሚቀመጡበት) ውስጥ ባዶ ፈንክሽን ጽፈህ ከላዩ @ኳሪ ብለህ ኤስኪውኤሉን (ዳታቤዙ የሚጠየቅበትን ቋንቋ) ታስቀምጣለህ፣ ያ ሁሉ ከርሰር (የኳሪው ውጤት ማንበቢያ) እየከፈቱ ኮለም በኮለም ማንበብ ምናምን እሱ ራሱ ይጽፍልሃል። ካላመንክ ቢልድ ፎልደር ውስጥ ገብተህ ስሙ ኢምፕል ብሎ የሚያልቀውን ፋይል ክፈተው፣ አንተ ልትጽፈው የነበረውን ኮድ ነው የምታገኘው። የሚጎተተው ቢልዱ ነው፣ እሱንም ካፕት (የድሮው አኖቴሽን አንባቢ) ላይ ካለህ ወደ ኬኤስፒ (አዲሱ) ቀይረው፣ ይቀልልሃል።

ብዙ ሰው ኮድ ያሳጥራል ብሎ ነው የሚያወድሰው፣ እኔን የገዛኝ ግን ኤስኪውኤሉን ቀድሞ ማየቱ ነው። ኪሎ የሚለውን ኮለም ክብደት ብለህ ቀየርክ እንበል፣ አንድ ኳሪ ውስጥ ግን ኪሎ እንዳለ ቀረ። በእጅህ ስትጽፈው ኳሪው ተራ ስትሪንግ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ አስጋሪው ከታንኳው ወርዶ ቀረሶውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሲጠብቅ አፑ ተረካቢው እጅ ላይ ክራሽ ያደርጋል። ሩም ከሆነ እዛው ላፕቶፕህ ላይ እንዲህ የሚባል ኮለም የለም ብሎ ቢልዱን ይከለክልሃል።

ግን አኖቴሽን አለ ብለህ ኤስኪውኤል ማወቁን እንዳትተወው፣ በተለይ ሪፕሌስ የምትለዋን ነገር ልብ በላት። @ኢንሰርት ላይ ኮንፍሊክት ሲመጣ (ያው ኪይ ያለው ረድፍ ቀድሞ ካለ) ሪፕሌስ አድርግ ስትለው አፕዴት የሚያደርግ ይመስላል አይደል? ኤስኪውላይት ግን የድሮውን ረድፍ አጥፍቶ ነው አዲሱን የሚያስገባው። ስለዚህ አስጋሪ የሚል ቴብል ካለህ፣ ርክክብ የሚለው ቴብል ደግሞ በፎሪን ኪይ (ቴብሎችን በሚያያይዝ ኮለም) ከሱ ጋር ታስሮ ሲጠፋ ካስኬድ (አብሮ ይጥፋ) ካልከው፣ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ለማስተካከል ሴቭ ስትል ያስረከበው አምባዛና ነጭ አሳ መዝገብ በሙሉ አብሮ ይጠፋል፣ ኤረር እንኳን አታይም። @አፕሰርት ተጠቀም፣ ከሩም 2.5 ጀምሮ አለ፣ ረድፉ ካለ በእውነት አፕዴት ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው ማይግሬሽን (የድሮውን ዳታቤዝ ወደ አዲሱ ቅርጽ ማሸጋገር) ነው። ኢንቲቲ ነክተህ ቨርዥን ቁጥሩን ካልጨመርክ ሩም ሲከፈት ይጮሃል። ቁጥሩን ጨምረህ ማይግሬሽን ካልሰጠኸውም ይጮሃል። ያኔ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ፎልባክ ቱ ዲስትራክቲቭ ማይግሬሽን የምትል አንድ መስመር ታገኛለህ፣ ስትጨምራት ጩኸቱ ጸጥ ይላል፣ ጸጥ የሚለው ግን ቴብሎቹን ስለሚያጠፋቸው ነው። ዳታው ሰርቨር ላይ ላለው ሰው ምንም አይደል፣ ያንተ ዳታ ግን ያለው እዛች ስልክ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ኮፒ የለም! ኤክስፖርት ስኪማን ትሩ አድርገህ የሚወጣውን፣ የቴብሎቹን ቅርጽ የያዘ የጄሰን ፋይል ጊት ውስጥ አስገባ፣ ከ2.4 ወዲህ ኮለም መጨመርን የመሰለ ቀላል ለውጥ በኦቶ ማይግሬሽን ይሄዳል፣ አዲሱ ኮለም ባዶ መሆን የማይችል ከሆነ ግን ዲፎልት ቫልዩ ስጠው። ስም መቀየር ሲሆን ደግሞ በአኖቴሽን ትነግረዋለህ፣ እሱ ገምቶ አይደርስበትም።

ሌላው ትንንሽ ነው። ዳኦ ፈንክሽኖቹን ሰስፔንድ (ስክሪኑን ሳያስቆሙ ከጀርባ የሚሰሩ) አድርጋቸው፣ ስክሪኑን በሚያንቀሳቅሰው ሜይን ትሬድ ላይ ሩም አይፈቅድልህም፣ እሺ የሚያሰኘውን አማራጭ ለቴስት ካልሆነ አትንካው። የቀኑን ድምር የሚያሳየውን ኳሪ ፍሎው እንዲመልስ ካደረግከው አዲስ ርክክብ በገባ ቁጥር ስክሪኑ በራሱ ይታደሳል። ቀኑን ሎንግ (ቁጥር) አድርገህ አስቀምጥና በእኛ አቆጣጠር ማሳየቱን ለዩአይ ተውለት፣ አንድሮይድ ከ7 ጀምሮ ኢትዮፒክ ካሌንደር የሚል ክላስ ውስጡ አለው። መስከረም 5 ብለህ ጽሁፍ አድርገህ ካስቀመጥከው ግን በቀን መደርደሩ ያሰቃይሃል።

የአስጋሪና የርክክብ ኢንቲቲዎችህን እዚህ ለጥፋቸው፣ ፎሪን ኪዩን ልየው።