«ከሰል ለማጥናት ነው ያስተማርኩሽ?»

ጥያቄ፦ የአምስተኛ ዓመት የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ብረት ሲቀልጥ የድንጋይ ከሰልን በእንጨት ከሰል ስለመተካት ነው። ያስተማሩኝ አጎቴ «ከሰል ለማጥናት ነው ያስተማርኩሽ? ኮምፒውተር ተማሪና ባንክ ግቢ» ይላሉ። እኔም አገራችን ውስጥ ይህን የሚሠራ ፋብሪካ አላየሁም። ውጤቴ 3.1 ነው፤ ስዊድን ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ መማርም እፈልጋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትሽ ስላስተማሩሽ ምስጋና ይገባቸዋል። ያስተማረ ሰው ግን ሙያ አይመርጥም። ቤት መርዳት ካለብሽ በወር ስንት፣ እስከ መቼ ብላችሁ በቁጥር ተነጋገሩ፤ ልኩ ያልታወቀ ውለታ ዕድሜ ልክ ሲከፈል ይኖራል።

የፋብሪካው ጥያቄሽ እውነት አለው። የአርማታ ብረት ፋብሪካዎቻችን የሚሠሩት ከውጭ በሚገባ ቢሌት፣ ማለትም ገና አርማታ ባልሆነ ወፍራም የብረት ዘንግ፣ እና በቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ከማዕድን ብረት የሚያወጣ ትልቅ ምድጃ የለንም። አንቺ የያዝሽው ዕውቀት ግን ከምድጃው ይሰፋል፦ እንጨቱ በስንት ዲግሪ ቢከስል ስንት እጅ ካርቦን ይቀርለታል? አመዱ ውስጥ ምን አለ? ሲጫኑት ይፈረካከሳል? ይህ የመጨረሻው ከባዱ ነው። በትልቅ ምድጃ ውስጥ ኮክ፣ ማለትም በሙቀት የጠጠረው የድንጋይ ከሰል፣ እየነደደ የማዕድኑን ክምር ይሸከማል፤ ጋዙ የሚያልፍበትንም ክፍተት ይጠብቃል። የእንጨት ከሰል ያን ክብደት አይችልም። ብራዚል፣ ሚናስ ዤራይስ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተተከለ ባህር ዛፍ ከሰል የሚሠሩት ምድጃዎች ትንንሽ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። በትልልቆቹ የሚያዋጣው ከሰሉን ፈጭቶ ትኩስ አየር በሚነፋበት ቧንቧ ማስገባት ነው። ደን ተመንጥሮ የተገኘ ከሰል ከሆነ ግን ጥናትሽ ውስጥ አታስገቢው።

ይህንኑ ዕውቀት ሲሚንቶ ፋብሪካ ይፈልገዋል። የድንጋይ ከሰሉን በከፊል በቡና ገለባና በሰሊጥ ተረፈ ምርት ለመተካት የሞከሩ አሉ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት አርማታ ብረት ፋብሪካ ነው። ቢሌቱን የምናግለው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነበር። አንድ ሌሊት ነዳጁ ሳይደርስ ቀረና ምድጃው ቀዘቀዘ፤ የሌሊት ተረኛው ሁሉ ካርቶን አንጥፎ ወለሉ ላይ ተኝቶ አደረ። ሥራ አስኪያጁ «ሌላ ምን ማንደድ እንችላለን?» ሲል ከእኛ ከመሐንዲሶቹ አንድም ሰው መልስ አልነበረውም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ባንክ ገብተሽ እንድትቀሪ የማልፈልገውም ለዚህ ነው።

ስዊድንን ሁለት ዓመት አቆዪው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ተማሪ ታስከፍላለች፤ ከስኮላርሺፖቹም የሥራ ልምድ የሚጠይቁ አሉ። መጀመሪያ ሲሚንቶ ወይም ብረት ፋብሪካ፣ ምድጃ ክፍል ግቢ፤ የሌሊት ተራም ቢሆን። 3.1 አያሳስብሽ። ኮምፒውተሩንም ለስሌትሽ የሚበቃሽን ያህል ተማሪ።

ለአጎትሽ ደግሞ ከቤተ ሙከራው አንድ የእንጨት ከሰልና፣ ካገኘሽ፣ አንድ ኮክ ይዘሽላቸው ሂጂ። ሁለቱን በእጃቸው ይጫኗቸው። አንዱ ሲደቅ፣ ጥናትሽ ያንን ችግር ስለመፍታት እንደሆነ ንገሪያቸው።