ማቅረብና ማድረስ

ጥያቄ፦ በለገጣፎ የምኖር ነርስ ነኝ። ስለ ኤክሞ፣ ማለትም ደምን ከሰውነት አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሳንባ ኦክስጅን እያስያዘ ስለሚመልሰው መሣሪያ፣ የሥልጠና ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የኦክስጅን አቅርቦት» ልበል ወይስ «የኦክስጅን ማድረስ»?

መልስ፦ ሁለተኛው አገባቡ ተበላሽቷል። «የልጁ መምጣት» ስንል የመጣው ልጁ ነው፤ «የኦክስጅን ማድረስ» ካልንም አድራሹ ራሱ ኦክስጅን ሊሆን ነው። ንዑስ አንቀጹ ተሳቢውን ይዞ «ኦክስጅንን ማድረስ» ይባል።

«አቅርቦት» ግን ከጥንትም አይጥመኝም። ሥሩ የግእዙ «ቀርበ» ነው፤ «ቁርባን»ም ከዚሁ ይወጣል፣ ዐረብኛውና ዕብራይስጡም ይጋሩታል። ያቀረበ ሰው አጠገብ አምጥቷል፤ ተቀባዩ እጅ መግባቱን ግን ቃሉ አይነግረንም። በበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» እንላለን እንጂ «እንኳን አቀረባችሁ» ያለ አልሰማሁም። እናንተ ዘንድ የውሃ ቦቴ አስፋልቱ ዳር ሲቆም ውሃው ቀርቧል፤ የሚደርሰው ጀሪካኑ ቤት ሲገባ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ሒሳቡን ይዩት። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። በ100 ሚሊ ሊትር ደም 15 ግራም ካለ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ደም ሲዞር ለሕብረ ሕዋስ 1000 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሳል። ሰውነት በዕረፍት ጊዜ የሚፈጀው 250 ገደማ ነው። ሄሞግሎቢኑ ወደ 7.5 ከወረደና ፍሰቱ ካልጨመረ፣ ሰው ሠራሹ ሳንባ የቱንም ያህል ቢያቀርብ የሚደርሰው በግማሽ ይቀንሳል። የሚደርሰው ከሚፈጀው ሁለት እጥፍ ወደ መሆን ሲጠጋ ደግሞ ሕብረ ሕዋሱ ያለ ኦክስጅን ኃይል ለማመንጨት ይገደድና ላክቴት የተባለው ተረፈ ምርት ይከማቻል። በአንጻሩ ደሙን ከደም መልስ ቀድቶ ወደ ደም መልስ በሚመልሰው የኤክሞ ዓይነት፣ የደም ቅዳው የኦክስጅን ሙሌት 85 በመቶ ሆኖ እንኳ ፍሰቱና ሄሞግሎቢኑ በቂ ከሆኑ የሚደርሰው ሊበቃ ይችላል። ይህን ሁሉ «አቅርቦት» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ለእኔ ስንፍና ነው።

ሆኖም የመብራቱም የውሃውም «አቅርቦት» ሥር ሰዷል፤ እኔ ስለጠላሁት አይነቀልም። በአምሳሉ «አድርሶት» የሚል ስም ቢወጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ሰው ሁሉ ቦዝ አንቀጽ አድርጎ «ማን አድርሶት?» ብሎ ያነበዋል። («አቅርቦት»ም ያው ጣጣ እንዳለበት ማንም አያነሳም!) ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ «ኦክስጅንን ለሕብረ ሕዋስ ማድረስ» ይበሉ። የሠንጠረዥ ርእስ ከጠበበብዎ «አቅርቦት» ይጻፉና ከሥሩ «ለሕብረ ሕዋስ የሚደርሰው» ብለው ያብራሩ።